የማጀት ጭስና ጨቅላ ሕፃን

የአየር ብክለት ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፋብሪካ ጭስ፣ ወደ አሮጌ አውቶቡስና ወደ መንገድ አቧራ ይሄዳል። ሦስቱም ይጎዳሉ። ለኢትዮጵያ ጨቅላ ሕፃናት ግን ዋናው የብክለት ምንጭ ከቤት ደጃፍ አያልፍም፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ወጥ የሚሠራበት፣ ቡና የሚፈላበት እሳት ነው። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ከ10 ቤተሰቦች ከ9 የማያንሱት ምግብ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በአገዳና በጭራሮ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ጭሱ በጨቅላ ሕፃን ላይ፣ ማለትም ከተወለደበት ሰዓት አንሥቶ 28 ቀን እስኪሞላው ባለው ልጅ ላይ፣ ምን ጉዳት እንደሚያደርስና ጉዳቱ በምን መንገድ እንደሚመጣ ማስረዳት ነው። አስቀድሞ ጭሱ ገና ወዳልተወለደው ልጅ የሚደርስበት መንገድ ይታያል። ቀጥሎ አየር በተሻሻለባቸው ቦታዎች የሕፃናት ጤና አብሮ ተሻሽሎ እንደሆነ የመረመሩ ጥናቶች ይቀርባሉ፤ አንዳንዶቹ ደስ የሚያሰኝ፣ አንዳንዶቹም ያልተጠበቀ ውጤት አላቸው። በመጨረሻ ነገሩ ወደ አራስ ቤት ይገባል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚያ ከመግባት በፊት ስለ ጉዳቱ ስፋት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ2022 በመላው ዓለም 2.3 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ሞተዋል። በኢትዮጵያ ከላይ የተጠቀሰው ዳሰሳ፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ በዚያው ወር ውስጥ እንደሚሞቱ አመልክቷል። መቀመጫው አሜሪካ የሆነው ሄልዝ ኢፌክትስ ኢንስቲትዩት በ2020 ባወጣው ዘገባ ደግሞ፣ በ2019 ከሞቱት ጨቅላ ሕፃናት ውስጥ የ476,000ዎቹ ሞት ከአየር ብክለት ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተገምቷል። ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ገደማ የመጣው ከቤት ውስጥ ጭስ ነው፤ ሞቱም የበዛው ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮችና በደቡብ እስያ ነው።

ይህ ቁጥር አንድ በአንድ የተቆጠረ ሳይሆን የተሰላ ነው። በየትኛውም ሆስፒታል መዝገብ ላይ ሕፃኑ በጭስ ሞተ ተብሎ አይጻፍም። የሚጻፈው ያለጊዜው መወለድ፣ የክብደት ማነስ፣ መታፈን፣ የሳንባ ምች ወይም የደም መመረዝ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚያሰሉት፣ ጭስ የሚበዛባቸው እናቶች ካልበዛባቸው እናቶች ይልቅ ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው በምን ያህል እንደሚጨምር ነው፤ ከዚያም እንዲህ ያሉ ሕፃናት ከሌሎቹ በምን ያህል በልጠው እንደሚሞቱ ይታያል። ስለዚህ የስሌቱ ምሰሶዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የእርግዝናው 37ኛ ሳምንት ሳይሞላ መወለድ፣ ሌላው ሲወለዱ ከ2,500 ግራም በታች መመዘን። በ2020 ብቻ በመላው ዓለም 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት ያለጊዜያቸው ተወልደዋል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ ጭስ ጨቅላውን የሚጎዳው በአብዛኛው ልጁ አየር መተንፈስ ከመጀመሩ በፊት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳይ እንለፍ። የእንጨትና የኩበት ጭስ ብዙ ነገር የተቀላቀለበት ነው፤ ለጽንስ አደገኛ የሆኑት ግን በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ወርዱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር ወርድ 70 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ የፀጉርን ሃያ አምስተኛ እንኳ አያክልም። ከዚህ የሚተልቀውን ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፤ ማሳልና ማስነጠስም ያስወጣዋል። ደቃቁ ግን እስከ ሳንባ የመጨረሻ ከረጢቶች ይዘልቃል፤ ከሁሉ የረቀቀውም ወደ ደም ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ቀደም ሲል ወሰኑ 10 ነበር። የአዲስ አበባ የውጭ አየር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጉልቻ ላይ ምጣድ ተጥዶ እሳት በሚነድበት ዝግ ማጀት ውስጥ ደግሞ መለኪያው በመቶዎች ይቆጥራል፤ እሳቱ ሲቀጣጠልና ማገዶው እርጥብ ሲሆን ከ1,000 ያልፋል። ብዙ ሴቶች ዓይናቸውን በነጠላ ጠርዝ እየጠረጉ የሚጋግሩት በዚህ አየር ውስጥ ነው። እሳት ቶሎ እንዲይዝ ተብሎ ፌስታል ወይም የጎማ ቁራጭ ሲጨመርበት ከማገዶው የማይመጣ ሌላ መርዝ ይታከልበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት የምትተነፍሰው አየር ከወትሮው ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ለሁለት ስለምትተነፍስ ነው። ስለዚህ ከጎኗ ቆማ ሊጥ ከምታሳልፍላት ልጅ እግር ይልቅ፣ በዚያው ጭስ ውስጥ ሆና ወደ ውስጥ የምታስገባው ብናኝ ይበዛል።

ለረጅም ጊዜ የእንግዴ ልጅ ጽንሱን ከእንዲህ ያለ ብናኝ ይጠብቀዋል የሚል እምነት ነበር። በ2019 በቤልጅየም የሃሰልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወላድ እናቶች የተገኙ እንግዴ ልጆችን በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ በጽንሱ በኩል ባለው ገጽ ላይ የጥላሸት ቅንጣቶች አገኙ። እናቲቱ የምትኖርበት ሰፈር አየር በቆሸሸ ቁጥር ቅንጣቶቹም በዝተው ታዩ። በ2022 እነዚሁ ተመራማሪዎች በስኮትላንድ ከአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ እርምጃ ቀጠሉ፤ ቅንጣቶቹን በጽንስ ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ውስጥም አገኟቸው። በእነዚህ አገሮች በጥናቱ የታየው የከተማ አየር ከአንድ የገጠር ማጀት አየር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ንጹሕ መሆኑን አለመርሳት ነው።

ብናኙ ጽንሱን የሚጎዳው ግን ጽንሱ ጋ በመድረስ ብቻ አይደለም። የእናቲቱ ሳንባ ብናኙን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ ሰውነቷ ሲቆጣና ሲያብጥ የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ወደ ጽንሱ የሚሄደው ምግብና ኦክስጅንም ይቀንሳል። ይኸው የሰውነት ቁጣ ምጥን ያለጊዜው ሊያስነሣ ይችላል። የእናቲቱ የደም ግፊትም ሊጨምር ይችላል፤ ይህም ራሱን የቻለ የመውለጃ ጊዜ አደጋ ነው።

ሁለተኛው መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ በዚህም ቦታውን ይቀማል። ጉዳቱ በጽንሱ ላይ የሚከፋበት ምክንያት አለ። የጽንስ ሄሞግሎቢን የተሠራው ከእናቱ ደም ኦክስጅን ስቦ እንዲወስድ ነው፤ ይህ ጥንካሬው ለካርቦን ሞኖክሳይድም ያገለግላል። ጋዙ በጽንሱ ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቀስ ብሎ ነው፤ በመጨረሻ ግን ከእናቱ ይበልጣል፤ ለመውጣትም ይዘገያል። እናቲቱ ከማጀት ወጥታ በደጅ ንጹሕ አየር ስትወስድ ራስ ምታቷ ይለቃታል፤ የልጇ ደም ግን ከሰዓታት በኋላም አልጠራም። በደጋ አገር፣ በተፈጥሮው ኦክስጅኑ በሳሳ አየር ውስጥ፣ በብረት ማነስ ደሟ ለቀነሰ እናት ይህ ሦስተኛ ሸክም ይሆናል።

ልጁ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ጭሱ በቀጥታ ያገኘዋል። ጨቅላ ሕፃን በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጎልማሳ ከ12 እስከ 20። ከሰውነቱ ክብደት አንጻር የሚያስገባው አየር ከአዋቂ እጅግ ይበልጣል። ሳንባው ገና አልተሠራም ማለት ይቻላል፤ አዋቂ ካሉት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአየር ከረጢቶች ጨቅላው ይዞ የሚወለደው ጥቂቱን ነው፤ የቀሩት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሠራሉ። የሳንባን ከረጢቶች ክፍት አድርጎ የሚይዘው ቅባታማ ፈሳሽ የሚበቃው ደግሞ በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ይህ ሳይሟላለት ይመጣል፤ ጭስ ወደሞላበት ቤት ሲገባ ሁለት ጉዳት በአንድ ላይ ይደርስበታል፤ ያለጊዜው መወለዱም ቢሆን ከጭሱ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ነው፤ አየሩ ሲጠራ ሕፃናቱ ይሻላቸዋል ወይ? መልሱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። በበለጸጉት አገሮች የተደረጉት ጥናቶች አዎ ይላሉ። በዲሴምበር 1952 ለንደን ለአምስት ቀን በከሰል ድንጋይ ጭስና በጉም ታፈነች። በጊዜው 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተቆጠረ፤ ኋላ የተደረገ ስሌት እስከ 12,000 አድርሶታል። ስለዚያ ሳምንት ሲወራ የሚነሡት ሽማግሌዎችና የሳንባ ሕሙማን ናቸው፤ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ሞትም ወደ እጥፍ መጠጋቱ ብዙ አይወሳም። በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያ የዕድሜ ዓመታቸው ያንን ጭስ የተነፈሱ ሰዎች በልጅነታቸው ከሌሎቹ ይልቅ በአስም መያዛቸውን አሳይቷል። የአምስት ቀን ጭስ ለዓመታት የቆየ ምልክት ተወ ማለት ነው። እንግሊዝ በ1956 የንጹሕ አየር ሕጓን ያወጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

የአሜሪካው የዩታ ሸለቆ ያልታሰበ መፈተኛ ሆነ። በ1986 የአካባቢው የብረት ፋብሪካ በሥራ ክርክር ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋ፤ በ1987 መልሶ ተከፈተ። ፋብሪካው ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ያረገዙ ሴቶች ያለጊዜው የመውለዳቸው ነገር ቀነሰ፤ ማንም ምግባቸውን ወይም ሕክምናቸውን አልለወጠም ነበር። በኒው ጀርሲና በፔንስልቬንያ አውራ ጎዳናዎች ደግሞ መኪኖች ለቀረጥ ቆመው ሞተር እያጓሩ መሰለፋቸው፣ ሳይቆሙ የሚከፍሉበት ኢዚ ፓስ የተባለው መሣሪያ ሲተከል፣ ቀረ። በ2011 የታተመው የኬሪና የዎከር ጥናት በቀረጥ ኬላ በ2 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በሚኖሩ እናቶች ዘንድ ያለጊዜው መወለድ በ10.8 በመቶ፣ የክብደት ማነስ በ11.8 በመቶ መቀነሱን አገኘ። የቤጂንግም ምሳሌ አለ። ቻይና ለ2008 ኦሊምፒክ ፋብሪካ ስትዘጋና መኪና ስትከለክል፣ ስምንተኛው የእርግዝና ወራቸው በዚያ ጊዜ ላይ የዋለ ሕፃናት በአማካይ 23 ግራም ከብደው ተወለዱ። ሃያ ሦስት ግራም ለአንድ ልጅ ምንም አይደለም፤ በሕዝብ ደረጃ ሲታይ ግን 2,500ን ለጥቂት ያልሞሉ ብዙ ልጆች መሥመሩን ይሻገራሉ።

ከዚህ ተነሥቶ የማገዶ ምድጃን መቀየር የበለጠ ውጤት ያመጣል ብሎ መገመት ተገቢ ነበር፤ ጭሱ እጅግ ስለሚበልጥ። የተገኘው ግን የተደበላለቀ ነው። ከ2002 እስከ 2004 በጓቲማላ ደጋ የተካሄደው የኪርክ ስሚዝና የባልደረቦቹ ሙከራ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለግማሾቹ ቤተሰቦች ሰጠ። ሕፃናቱ የሚያገኛቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ቀነሰ፤ ከባዱ የሳንባ ምች በሲሶ ገደማ ቀነሰ፤ ጠቅላላው የሳንባ ምች ግን በእርግጠኝነት ቀንሷል ለማለት የሚያበቃ ልዩነት አልታየበትም። በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ ነፍሰ ጡሮች ከማገዶና ከላምባ ወደ ኢታኖል ምድጃ ሲዛወሩ የልጆቻቸው አማካይ ክብደት 3,076 ግራም ሆነ፤ ያልተዛወሩት 2,988። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥናቱ በተሻሻለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ላይ ነበር፤ ጭሱ ቀነሰ፤ የልጆቹ የመተንፈሻ አካል ሕመም ግን ያን ያህል አልቀነሰም።

ከታላላቆቹ ሙከራዎች አንዱ ሀፒን ይባላል። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ነፍሰ ጡሮች ተመርጠው ግማሾቹ የጋዝ ምድጃና ነጻ የጋዝ ሲሊንደር ያገኙ ነበር። እናቶቹ ምድጃውን በእርግጥ ተጠቀሙበት፤ የሚተነፍሱት ብናኝ በመካከለኛ ልኬት፣ ምድጃውን ባላገኙት ዘንድ 71 ማይክሮግራም ያህል ሲሆን፣ በእነሱ ዘንድ 24 ሆነ። በ2022 ውጤቱ ሲታተም ግን የሕፃናቱ ክብደት ልዩነት 20 ግራም ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችል ልዩነት አልዘለለም። ብዙ ገንዘብና ተስፋ ፈስሶበት ስለነበር ውጤቱ ባለሙያዎቹን አሳዝኗል።

ይህን ውጤት ይዞ ጭስ አይጎዳም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። እናቶቹ ምድጃውን ያገኙት ከ9ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ እንግዴ ልጅ በዚያን ጊዜ መሠረቱን ይዟል። ጎረቤት በማገዶ እያበሰለ አንድ ቤት ብቻውን ንጹሕ አየር አያገኝም፤ ጭስ አጥር አያግደውም። ከሁሉ በላይ ግን ጉዳቱና የጭሱ መጠን አብረው እኩል እየጨመሩ አይሄዱም። ጉዳቱ ፈጥኖ የሚጨምረው ጭሱ ገና ጥቂት ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ጭስ የሚጨምረው ጉዳት እየሳሳ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ ከ400 ማይክሮግራም ወደ 200 መውረድ በመሣሪያው ላይ ትልቅ ለውጥ ሲሆን በሕፃኑ ላይ ግን ትንሽ ነው፤ ከ50 ወደ 10 መውረድ ደግሞ በመሣሪያው ላይ ትንሽ፣ በሕፃኑ ላይ ትልቅ ነው። የኒው ጀርሲ ለውጥ ከሁለተኛው ወገን ሲሆን የብዙ ምድጃ ፕሮጀክቶች ለውጥ ከመጀመሪያው ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ የሴቶችን ድካምና ደን መጨፍጨፍን ይቀንሳል፤ በዚህ ብቻ የሚደገፍ ነው። የጨቅላ ሕፃናትን ሞት ይቀንሳል ተብሎ መሸጥ ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው።

አሁን የመጨረሻው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ እሱም አራስ ቤት ነው። እናት ከወለደች በኋላ በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች የሚደረገውን አስቡ። አራሷ በጓዳ በኩል ትተኛለች፤ በሩ ይዘጋል፤ መስኮት ካለም በጨርቅ ይደፈናል፤ ብርድና ምች እንዳይመታት ነው። ገንፎ በቅቤ ይገነፋል፤ አጥሚት ይፈላል። የከሰል ማንደጃ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ ጀበናው አይወርድም። ጠያቂ እየገባ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላታል፤ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ቡና ይፈላል፤ በፍሙ ላይ እጣን ይጨመራል። ሕፃኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዓይነ ጥላ እንዳያየው ፊቱ ተሸፍኖ እናቱ ጎን ነው። ክርስትና እስኪነሣ፣ ወንድ ከሆነ እስከ 40ኛው፣ ሴት ከሆነች እስከ 80ኛው ቀን፣ ከዚያ ክፍል ብዙም አይወጣም። የጨቅላነቱ 28 ቀን በሙሉ በዚያ ውስጥ ያልቃል ማለት ነው።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ የጤና መልእክቶች ብዙ ጊዜ የሚከሽፉት ግማሹን ትተው ስለሚጀምሩ ነው። ልማዱ የያዘው አንድ እውነት አለ፤ ጨቅላ ሕፃን ብርድ ይገድለዋል። ሰውነቱ ሙቀት የሚያመርትበት ስብ አነስተኛ ነው፤ ጤናማ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሲሆን ከዚያ ሲወርድ መጥባት ያቆማል፣ መተንፈሱ ይዛባል። ዝናብ በሚዘንብበት ሐምሌ በደጋ ላይ የተወለደን ልጅ ማሞቅ ግድ ነው። አያቶች ያሰቡት ትክክል ነው፤ የተመረጠው ማሞቂያ ነው ችግሩ።

ስለ ከሰል አንድ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ብዙ ሰው ጥሩ የተፋፋመ ፍም ጭስ የለውም፣ ስለዚህ አይጎዳም ብሎ ያምናል፤ ደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ወደ ክፍል ማስገባት ጥንቃቄ ይመስለዋል። ያለቀው የሚታየው ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚመጣው ግን ከዚያው ከቀላው ፍም ነው፤ ክፍሉ በተደፈነ ቁጥር ይጠራቀማል። በብርድ ወራት ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልተነሡ ቤተሰቦች ዜና በከተማ የማይሰማበት ዓመት የለም። ከአዋቂ ይልቅ ይህን ጋዝ መቋቋም የማይችለው ጨቅላ የተኛው በዚያው ክፍል ነው፤ በትንሽ መጠን ሲመረዝም ምልክቱ ማንቀላፋትና ጡት አለመፈለግ ብቻ ስለሆነ እንደ መልካም እንቅልፍ ሊታይ ይችላል።

ጭስ የሌለው ማሞቂያ ደግሞ አለ፤ የእናቱ ገላ ነው። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ኤድጋር ሬይ ሳናብርያ የተባሉ ሐኪም፣ ማሞቂያ መሣሪያ ስላጠራቸው፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አስታቀፏቸው። ዘዴው የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በአዲስ አበባም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ከ2,000 ግራም በታች በተወለዱ ሕፃናት ላይ ፈትነው ውጤቱን በ2005 አሳትመዋል። በ2021 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ ያስተባበረው ሙከራ፣ እንክብካቤው እንደተወለዱ ወዲያው ሲጀመር የአነስተኛ ሕፃናት ሞት በ25 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ሕፃኑ ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን በእናቱ ጡቶች መካከል ይደረጋል፤ ከላይ በነጠላ ወይም በጋቢ ይታሰራል። እናቲቱ ስትደክም አባት ወይም አያት መተካት ይችላሉ። አራሷን የምትንከባከበዋ ሴት ይህን ካወቀች ማንደጃው ከአልጋው አጠገብ የሚቀመጥበት ዋናው ምክንያት ይቀራል።

ገንፎውና ቡናው ግን ይቀጥላሉ፤ መቀጠልም አለባቸው፤ የታመመችና የተዳከመች እናት ልጇን አታሳድግም። ነገሩ እሳቱ የት ይሁን የሚለው ነው። ማጀቱ ከመኝታው ተለይቶ ከሆነ እዚያ፣ ካልሆነም ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሠራ፤ ቡናው ተፈልቶ ይግባ። እጣኑ ሕፃኑ በሌለበት ክፍል ይጨስ። ኩራዝ በሚበራበት ቤት በፀሐይ የሚሠራ ፋኖስ ቢገዛ፣ ከመብራቱ ይልቅ ጥቅሙ ለሳንባ ነው። በሩ ለጥቂት ጊዜ ሲከፈት ሕፃኑ በእናቱ ገላ ላይ እስካለ ድረስ ብርድ አይመታውም።

የቤተሰብ ጥንቃቄ የሚያደርሰው እስከዚህ ነው። ከላይ እንደታየው የጉዳቱ አብዛኛው ክፍል የሚሠራው ልጁ ከመወለዱ ከወራት በፊት፣ እናቱ እሳት ዳር በምትሆንበት ጊዜ ነው፤ ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የማብሰያ ኃይልም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የእንጀራ ጋገራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ መሣሪያ ነው፤ ደካማ መስመር አይሸከመውም። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ካለውም ብዙው መብራት ሲጠፋ ወደ ማገዶ ይመለሳል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ሲመረቅ የተነገረው አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ለጎረቤት አገር ይሸጣል፣ ምን ያህሉ ለፋብሪካ ይውላል የሚለው በየጊዜው ይነሣል፤ ምን ያህሉ ምጣድ ላይ ይደርሳል የሚለው ግን እምብዛም አይሰማም። ጥናቶቹ ግማሽ መፍትሔ ግማሽ ውጤት እንኳ እንደማያመጣ ካሳዩ በኋላ፣ ኤሌክትሪክን እስከ ማጀት ማድረስ ከመሠረተ ልማት ሥራዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከእናቶችና ሕፃናት ጤና ሥራዎችም ጋር ሊቆጠር ይገባዋል።

እስከዚያው ድረስ የጤና ባለሙያ ሊያደርገው የሚችል፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት እናት በእርግዝናዋ ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። በመጀመሪያው ቀን ክብደቷና የደም ግፊቷ ሲለካ ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ፤ እቤት የምታበስይው በምንድን ነው፣ የምታድሪውስ እሳቱ ካለበት ክፍል ነው ወይ? መልሱ በካርዷ ላይ ይጻፍ፤ በቀጣዩ ቀጠሮም ባሏና እናቷ አብረው ይምጡ፤ ማጀቱን የሚያዛውሩት እነሱ ናቸውና።